በኩራዝ ብርሃን ፎቶ ለማንሳት ምን ዓይነት ትንሽ ካሜራ እንምረጥ?

መግቢያ

ፎቶግራፍ የሚለው ቃል ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙም በብርሃን መጻፍ እንደማለት ነው። ይህን አንደኛ ዓመት ላይ ሁላችንም ተምረናል፤ ፈተና ላይም መጥቶብናል። ነገር ግን ብርሃኑ ትንሽ ሲሆን በምን እንደምንጽፍ ብዙም አልተነጋገርንበትም። ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሳሳኝም ይኸው ነው።

ከመካከላችን ብዙዎቻችን ከገጠር የመጣን ነን። እኔ የመጣሁበት የምዕራብ ጎጃም ገጠር፣ ማለትም ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው አገር፣ ለዜናም ለፊቸርም የሚሆን ነገር ሞልቶታል። ችግሩ ግን ብዙው ነገር የሚገኘው ፀሐይ ከገባች በኋላ ነው። ቀን ቀን ሰዉ እርሻ ላይ ነው፤ በቆሎው፣ ጤፉ፣ በርበሬው ፋታ አይሰጥም። ሽማግሌው ታሪክ የሚያወራው ከብቱ ገብቶ፣ እራት ተበልቶ፣ እሳት ዳር ሲቀመጥ ነው። ማኅሌት የሚቆመው ሌሊት ነው። ከገበያ የተገዛው በርበሬ መኪና ላይ ተጭኖ ሲያልቅም ብዙ ጊዜ መሽቷል። ስለዚህ በትንሽ ብርሃን ፎቶ ማንሳት የማይችል ጋዜጠኛ የዚህን አገር ግማሽ ሕይወት አያየውም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ ሌንሱ የሚቀያየረውን ትልቁን ካሜራ ለመግዛት አቅም የሌለን ተማሪዎች ኪስ የሚገባውን ትንሽ ዲጂታል ካሜራ ስንመርጥ ምን ምን ማየት እንዳለብን ማስረዳት ነው። በቅድሚያ ግን እኔ ራሴ እንዴት እንደተሳሳትኩ ልንገራችሁ።

አንድ ፎቶ እንዴት እንደተበላሸ

አንደኛ ዓመት ሳለሁ ለኮርስ የሚሆን የፎቶ ሥራ ለመሥራት ወደ አያቶቼ ቤት ሄድኩ። ቤታቸው ከቡሬ ከተማ በእግር ሁለት ሰዓት ያህል ያስኬዳል፤ መብራት አልገባም። የያዝኩት ካሜራ ከአንድ ሱቅ የገዛሁት ሲሆን ፊቱ ላይ በትልቁ 16 ሜጋፒክስል የሚል ተጽፎበታል። ሻጩም “ጥራት ማለት ይኼ ነው” ብሎኝ ነበር። እኔም አመንኩ።

ወንድ አያቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ኩራዝ በርቷል፤ ምድጃው ላይ ፍም አለ። ስለ ልጅነታቸው ያወራሉ። ፊታቸው በግማሹ ቀልቶ በግማሹ ጥላ ነው። በዓይኔ ሳየው ያለቀለት ፎቶ ነው። አነሳሁ። ካሜራው በራሱ ጊዜ ፍላሽ አበራ። አያቴ ደንግጠው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ጥግ ላይ የተኛችው ጥጃም ብድግ አለች። ስክሪኑ ላይ ስናየው ፊታቸው ዱቄት የተነፋበት ይመስላል። ኩራዙ ጠፍቷል ቢባል ይታመናል። ከኋላቸው ደግሞ ጥላሸት የያዘው ግድግዳና የተቀደደው ከረጢት ፍጥጥ ብሎ ወጥቷል። ሴት አያቴ ጠጋ ብለው አዩና “ምነው ልጀ፣ ይኼ የኛ ቤት ነው?” አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ፍላሹን አጥፍቼ ደገምኩ። ከሃያ በላይ አነሳሁ፤ ሁሉም ብዥ ያለ ነው፣ የሰው ፊት ሳይሆን ጭስ ይመስላል። ለመምህሬ ያስረከብኩት ያንኑ ባለ ፍላሹን ነው። የሚቆጨኝ ግን ነጥቡ አይደለም። ወንድ አያቴ በዚያው ዓመት ዐቢይ ጾም ላይ አረፉ። ቤተሰቡ የሚያስቀምጠው ፎቶ ሲፈልግ የተገኘው ያ ዱቄት የመሰለ ፊት ብቻ ሆነ። በኋላ ነገሩን ሳጠናው ጥፋቱ የጨለማው ሳይሆን የምርጫዬ መሆኑን ተረዳሁ።

ካሜራ በጨለማ ምን ያጣል?

እንደሚታወቀው አንድ ፎቶ የሚወሰነው በሦስት ነገሮች ነው። አንደኛው አፐርቸር ነው፤ ይህም የሌንሱ ቀዳዳ የሚከፈትበት ስፋት ነው። ሁለተኛው ሻተሩ ክፍት ሆኖ የሚቆይበት ጊዜ ነው። ሦስተኛው አይ ኤስ ኦ ሲሆን፣ ሴንሰሩ የተቀበለውን ብርሃን ካሜራው ምን ያህል አጉልቶ እንደሚያነበው ያሳያል። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል በሌላው መካካስ አለበት።

ምሳሌ እንውሰድ። ኩራዝ አጠገብ የተቀመጠን ሰው ፊት ለማንሳት፣ በግምት ሲሰላ፣ አይ ኤስ ኦ 800 ላይ ሌንሱ ኤፍ 2.8 ተከፍቶ 1/15 ሰከንድ ያህል ያስፈልጋል። ሌንሱ እስከ ኤፍ 2.0 የሚከፈት ቢሆን የሚገባው ብርሃን እጥፍ ስለሚሆን 1/30 ሰከንድ ይበቃል። አይ ኤስ ኦውን ወደ 1600 ከፍ ስናደርገው ደግሞ ወደ 1/60 እንደርሳለን። እያወራ ያለ ሰው ሳይደበዝዝ እንዲወጣ ቢያንስ 1/30፣ ቢቻል 1/60 ያስፈልገናል። የኔ ካሜራ ሌንሱ ከኤፍ 3.5 በላይ አይከፈትም፤ አይ ኤስ ኦው ከ200 ሲያልፍ ደግሞ ፎቶው ሁሉ በነጠብጣብ ይሞላል። በዚህ ሲሰላ ግማሽ ሰከንድ ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። በግማሽ ሰከንድ ውስጥ ሰው ራሱን ያነቃንቃል፣ እጁን ያነሳል፣ የኔም እጅ ይንቀጠቀጣል። ታዲያ ብዥ ቢል ምን ይገርማል?

ስንመርጥ ማየት ያለብን

1ኛ. ሜጋፒክስል ብዛት ጥራት አይደለም። አንድ አባት መሬቱን ለሁለት ልጆች ቢያካፍል ለእያንዳንዳቸው የሚታረስ ነገር ይደርሳቸዋል። ያንኑ መሬት ለአስር ቢያካፍለው ግን ለእያንዳንዱ የጓሮ ያህል ነው የሚደርሰው። የካሜራ ሴንሰርም እንደዚሁ ነው። መጠኑ ሳይጨምር 16 ሚሊዮን ቦታ ሲቆራረጥ ለእያንዳንዷ ነጥብ የሚደርሳት ብርሃን ያንሳል፤ ነጠብጣቡም የሚመጣው ከዚህ ነው። ይህን አምራቾቹ ራሳቸው ያውቁታል። ካኖን እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው ፓወርሾት ጂ 10 የሚባለው ካሜራ 14.7 ሜጋፒክስል ነበረው። በዓመቱ በ2009 የተካው ጂ 11 ግን ወደ 10 ሜጋፒክስል ወረደ። አዲሱ ከአሮጌው ያነሰበት ዋናው ምክንያት በትንሽ ብርሃን የተሻለ ፎቶ እንዲያነሳ ነው። ለጋዜጣና ለመጽሔት ገጽ ደግሞ 6 ሜጋፒክስል ለብዙው ሥራ በቂ ነው።

2ኛ. የሴንሰሩን ስፋት ጠይቁ። ዝናብ ሲዘንብ ደጅ ላይ አንድ ስኒና አንድ ገበቴ ብናስቀምጥ የትኛው ብዙ ውኃ እንደሚይዝ ግልጽ ነው። በብዙ ርካሽ ካሜራዎች ውስጥ ያለው 1/2.5 ኢንች የሚባለው ሴንሰር ስፋቱ 25 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 1/1.7 ኢንች የሚባለው 43 ካሬ ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። 1 ኢንች የሚባለው ደግሞ 13.2 በ8.8 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ወደ 116 ካሬ ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ ከመጀመሪያው ከአራት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ቁጥሩ የክፍልፋይ ስለሆነ እንዳያሳስታችሁ፤ ከታች ያለው ቁጥር ሲያንስ ሴንሰሩ ይሰፋል። ይህ ቁጥር ካሜራው ፊት ላይ አይጻፍም፤ ከመመሪያው መጽሐፍ መጨረሻ ገጾች ላይ ግን ይገኛል።

3ኛ. ሌንሱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። በሌንሱ ዙሪያ በትንንሽ ፊደል የአፐርቸሩ ቁጥር ተጽፏል። እዚህም ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ለምሳሌ ከ2.0 እስከ 4.9 የሚል ከሆነ፣ ዙም ሳይደረግ እስከ 2.0፣ ዙሙ መጨረሻ ላይ ሲደርስ ግን እስከ 4.9 ብቻ ይከፈታል ማለት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ስድስት እጥፍ ነው። ስለሆነም በጨለማ ዙም ማድረግ ብርሃንን አውጥቶ መጣል ነው። በእግር መቅረብ ይሻላል።

4ኛ. ማረጋጊያው የሚረዳውን ለይቶ ማወቅ። ብዙ ካሜራዎች የእጅን መንቀጥቀጥ የሚቀንስ ማረጋጊያ አላቸው፤ መኖሩ ጥሩ ነው። ይሁን እንጂ ማረጋጊያው የሚያረጋጋው የእኛን እጅ እንጂ የሚነሳውን ሰው አይደለም። ለግድግዳ፣ ለሥዕል፣ ለተኛ ሕፃን ይጠቅማል። ከበሮ ለሚመታ ወይም በጸናጽልና በመቋሚያ ለሚያሸበሽብ ሰው ግን ምንም አያደርግለትም። እዚያ የሚያድነን ሰፊ ሌንስና ሰፊ ሴንሰር ብቻ ነው።

5ኛ. ፍላሹ መጥፋት መቻሉን አረጋግጡ። ፍላሹ በራሱ ጊዜ የሚበራ፣ አጥፉት ቢሉት የማይሰማ ካሜራ ለኛ ሥራ አይሆንም። እንዲሁም አይ ኤስ ኦውን በእጅ ማስተካከል የሚቻልበት መሆን አለበት።

ስልኬ አይበቃኝም ወይ?

ይህ ጥያቄ እንደሚነሳ አውቃለሁ፤ ተገቢም ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2018 እና ከ2019 ወዲህ ጎግልና አፕል በስልኮቻቸው ላይ የማታ ፎቶ ዘዴ አስገብተዋል። ዘዴው ብዙ ፎቶ ተከታትሎ አንስቶ አንድ ላይ ማዋሃድ ነው። እንዲህ ዓይነት ስልክ ያለው ሰው፣ የሚነሳው ነገር ዝም ብሎ የሚቀመጥ ከሆነ፣ ካሜራ መግዛት አያስፈልገውም ብዬ በግልጽ እናገራለሁ። ነገር ግን በብዙዎቻችን እጅ ያለው ርካሹ ስልክ ነው፤ ሌንሱም ሴንሰሩም ትንሽ ነው። በጥሩው ስልክም ቢሆን ሰው ሲንቀሳቀስ የተዋሃደው ፎቶ አንዳንድ ጊዜ እጅን ይቆርጣል፣ ፊትን ያለሰልሳል። በተጨማሪም የማታ ዘዴው ጨለማውን አብርቶ ቀን ሊያስመስለው ይችላል። ይህ ደግሞ ለፎቶ ጋዜጠኛ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው።

የትኞቹን እንፈልግ?

ስልክ ገበያውን ስለወሰደው ርካሽ ትንንሽ ካሜራ መሥራት በብዛት ቀርቷል። ስለዚህ እኛ የምናገኘው ባመዛኙ ያገለገለ ነው፤ ወይ ሱቅ ጥግ የተቀመጠ፣ ወይ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ከመሳቢያው አውጥቶ የሚልከው። እንደ እውነቱ ከሆነ ይህ ለኛ ዕድል ነው። ዘመድ “ምን ልላክልህ?” ሲል ስሙን ጠርቶ መጠየቅ ነው።

ከቀደሙት የፉጂፊልም ፋይንፒክስ ኤፍ 30 እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ፣ 6.3 ሜጋፒክስል ያለው፣ አይ ኤስ ኦው እስከ 3200 የሚደርስ ሲሆን በትንሽ ብርሃን በዘመኑ ስም ያወጣ ካሜራ ነው። ጉድለቱ ኤክስ ዲ የሚባል የራሱ ካርድ መፈለጉ ነው፤ ይህ ካርድ አሁን ስለማይመረት ካርዱ አብሮ ካልመጣ ባትቀበሉት ይሻላል። ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ፓናሶኒክ ሉሚክስ ኤል ኤክስ 3 አለ፤ ሌንሱ ከኤፍ 2.0 እስከ 2.8 ስለሆነ ዙም ሲደረግ እንኳ ብዙ ብርሃን አያጣም። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ካኖን ፓወርሾት ኤስ 90 ደግሞ ከላይ በምሳሌ የጠቀስኩት፣ ከኤፍ 2.0 እስከ 4.9 የሚሄደው ነው፤ 10 ሜጋፒክስል ሲሆን በእርግጥ ኪስ የሚገባ ነው። አቅም ላለው፣ ወይም ቸር ዘመድ ላለው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ሶኒ አር ኤክስ 100 ባለ 1 ኢንች ሴንሰርና እስከ ኤፍ 1.8 የሚከፈት ሌንስ ያለው ነው። ሜጋፒክስሉ 20 ነው፤ ነገር ግን መሬቱም ሰፍቷል።

ሱቅ ውስጥ የሚደረግ ሙከራ

ካሜራ ስንገዛ ቀን በደጅ ብርሃን አንስተን “ጥሩ ነው” ብለን እንሄዳለን። በደጅ ብርሃን ግን ሁሉም ጥሩ ነው። ከዚህ ይልቅ የሚከተለውን አድርጉ። ባለሱቁን አስፈቅዳችሁ ጨለም ወዳለው ጥግ ሂዱ። ፍላሹን አጥፉ፣ ዙም አታድርጉ። አይ ኤስ ኦውን 400፣ ከዚያ 800፣ ከዚያ 1600 እያደረጋችሁ የአንድ ሰው ፊት አንሱ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ አጉልታችሁ ሽፋሽፍቱን ተመልከቱ። ሽፋሽፍቱ የሚለይበት የመጨረሻው ቁጥር የካሜራው እውነተኛ አቅም ነው፤ ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን እርሱት። ፎከስ ለማድረግ ምን ያህል እንደሚዘገይም እዩ። ያገለገለ ከሆነ ባትሪው ቻርጅ እንደሚይዝ፣ ሌንሱ ሲወጣና ሲገባ እንደማያንቋርር አረጋግጡ።

ከገዛን በኋላ

ጥሩ ካሜራም ቢሆን አያያዝ ይፈልጋል። ትራይፖድ ከሌለ የቤቱን ምሰሶ መደገፍ፣ ወይም ካሜራውን መደብ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። እኔ ግማሽ ኪሎ ስንዴ በትንሽ ከረጢት ሰፍቼ እይዛለሁ፤ ካሜራው ላዩ ላይ ሲቀመጥ አይነቃነቅም። በራሱ የሚያነሳበትን የ2 ሰከንድ ቆጣሪ መጠቀም ጣት ስትጫን የሚመጣውን መንቀጥቀጥ ያስቀራል። መብራት በሌለበት ቦታ ቻርጅ ስለማይገኝ ተጨማሪ ባትሪ ከከተማ ሞልቶ መሄድ ግድ ነው።

ስለ ቀለም አንድ ነገር ልጨምር። የቀን ብርሃን 5500 ኬልቪን ገደማ ሲሆን የሻማና የኩራዝ ብርሃን ግን ወደ 1900 እና 2000 ይወርዳል፤ ስለዚህ ነጩ ጋቢ ብርቱካንማ ሆኖ ይወጣል። በዋይት ባላንስ ማስተካከል ይቻላል፤ ግን ሙሉ በሙሉ አታንጡት። ማታ መሆኑ፣ ኩራዝ መሆኑ ይታወቅ።

ሌላው ርቀት ነው። ሰው ከትንሽ መብራት ያለው ርቀት በግማሽ ሲቀንስ ፊቱ ላይ የሚያርፈው ብርሃን አራት እጥፍ ይሆናል። ኩራዙን ጠጋ ማድረግ አዲስ ካሜራ ከመግዛት ይበልጣል ማለት ነው። እዚህ ላይ ግን ሙያችንን እናስታውስ። ለቤተሰብ መታሰቢያ ከሆነ “እማማ፣ ወደ መብራቱ ጠጋ ይበሉ” ማለት ምንም አይደለም። ለዜና ከሆነ ግን ሰውንም ዕቃንም ማዛወር የለብንም፤ መዛወር ያለብን እኛ ነን።

ስለ ፍላሽና ስለ ፈቃድ

ፍላሽ ቴክኒካዊ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የትንሽ ካሜራ ፍላሽ የሚደርሰው ጥቂት ሜትር ብቻ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ደግሞ የዕጣኑ ጢስ መልሶ ስለሚያንጸባርቀው ፎቶው ነጭ ጉም ይሆናል። ከዚህ የከፋው ግን ሌላ ነው። በጧፍ ብርሃን ማኅሌት የቆሙ መሪጌቶች ላይ ፍላሽ ማብራት ጸሎት ማቋረጥ ነው። በአያቶቼ ቤት ደግሞ የሆነው እንዲህ ነው፦ ኩራዙ ሊያሳይ የፈለገው ፊትን ነበር፤ ፍላሹ ግን ያሳየው ጥላሸትን ነው። ጥላሸቱ ውሸት አይደለም፣ አለ። ነገር ግን እዚያ ቤት ማታ የተቀመጠ ሰው የሚያየው እሱን አይደለም። ሴት አያቴ “ይኼ የኛ ቤት ነው?” ያሉት ለዚህ ነው።

ስለሆነም ከማንሳታችን በፊት እናስፈቅድ። በቤት ከሆነ ባለቤቱን፣ በቤተ ክርስቲያን ከሆነ አስተዳዳሪውን ወይም ገበዙን። በተለይ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ክልላችን ያለበት ሁኔታ ይታወቃል፤ ሳያስፈቅዱ በማታ ካሜራ ይዞ መንገድ ዳር መቆም ለራስም ለሚነሳውም ሰው አደጋ አለው። የማይነሳ ፎቶም አለ።

ማጠቃለያ

በአጠቃላይ በትንሽ ብርሃን ለሚሠራ ሰው ቅደም ተከተሉ የሚከተለው ነው፤ መጀመሪያ የሴንሰሩ ስፋት፣ ቀጥሎ የሌንሱ አፐርቸር፣ ከዚያ የሚያገለግለው የአይ ኤስ ኦ ቁጥር፣ በመጨረሻ ሜጋፒክስል። ሻጩ የሚነግረን ብዙውን ጊዜ ተገልብጦ ነው።

ዘንድሮ ለጥምቀት አገር ቤት ስገባ ያገለገለች ባለ 10 ሜጋፒክስል ካሜራ ይዤ ነበር። ሴት አያቴን ከኩራዙ አጠገብ ጥጥ ሲፈትሉ አነሳኋቸው። ፎቶው ትንሽ ነጠብጣብ አለበት፤ የግድግዳውም ጥግ ጨለማ ነው። አሳየኋቸው። ብዙ ሳይናገሩ “እስቲ የአያትህንም እንዲህ አድርገህ አውጣልኝ” አሉኝ። የማይቻል መሆኑን ለማስረዳት ቃል አጠረኝ።

በመሆኑም ለትምህርት ክፍላችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። የፎቶ ጋዜጠኝነት ተግባራዊ ትምህርት ከሚሰጥባቸው ክፍለ ጊዜዎች ቢያንስ አንዱ ማታ ይሁን። መብራቱን አጥፍተን፣ አንድ ሻማ ለኩሰን፣ በእጃችን ያሉትን ካሜራዎችና ስልኮች ሁሉ ጎን ለጎን እንሞክራቸው። አንድ ሰዓት ይበቃል። እኔ ይህን ትምህርት የተማርኩት ዘግይቼ ነው፤ እናንተ አያቶቻችሁ በሕይወት ሳሉ ተማሩት።

ቸር ይግጠመን!